ሦስት ባዶ ገጾች

ከሌሊቱ ስድስት፣ ዳታ ሲረክስ፣
ቢቸና ተኝታ፣ ውሻ ጨረቃን ሲከስ፣
ጆሮዬ ላይ ሽቦ፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር፣
የማላውቀው ጎበዝ ከማላውቀው መንደር፣
መጽሐፍ ማሳተምን በስልኬ መስተዋት ያስተምረኝ ጀመር።

«አስቀድመህ» አለኝ፣ «አንባቢህን እወቅ፤
ዕድሜውን፣ ገቢውን፣ ሰዓቱን ጠይቅ።»
«አንባቢዬ» ብዬ ሁለት ነጥብ ጣልሁ፤
ከነጥቡ ወዲያ ምንም አልጻፍሁ።

መሬት ለኪ ነበርሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሜትር የጎተትሁ፣
የእነማይን ማሳ ጠርዝ ለጠርዝ የዞርሁ፣
ስፋቱን ለመንግሥት፣ ስሙን ለራሴ ያስቀረሁ።
እምቢ አልሸጥም፣ ሰባት ቀን፣ የሙሽራ ውኃ…
ስም ሲሞት አይቻለሁ፤ አንባቢ መች አየሁ?

ሌላ ሌሊት፣ ሌላ ሰው፤ ሴት ናት፣ ረጋ ያለች፦
«ለእናትህ አታንብብ፤ እናት ሁሉን ትወዳለች።»
(እናቴስ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ አፈር ከለበሰች።)
«ያስለቀሰህን ገጽ ቀድመህ ቁረጥ» አለች።
በድንበር የተጣላኝን ወንድሜን ቆረጥሁት፤
አርባ ሁለት መስመር ነው፤
አልቀደድሁትም፣ ከትራሴ ሥር ሸጎጥሁት።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከባንቻየሁ ቤት፣
አስተይቤ ሳበቃ በሁለት ወራት፣
ፍላሹ ሌላ ማሽን ሲገባ ፊደሉ ሳጥን ሆነ፤
«ሰባት ቀን» ሳጥን፣ «ሙሽራ» ሳጥን፣ ስሜም ሳጥን ሆነ።
«አይዞዎት ጋሼ፤ ፊደሉን አብሬ በፒዲኤፍ እልካለሁ» አለች፤
«ከየት ተማርሽው?» ብላት፣
«እኔስ መቼ እተኛለሁ ሌሊት?» ብላ ሳቀች።

ማተሚያ ቤቱ ደወለ፦
«ጋሼ ቢያድግልኝ፣ ገጽዎ በአሥራ ስድስት አይካፈልም» አለ።
«መቶ ዘጠኝ ነው፤ ወይ ሦስት ይጨምሩ፣ ወይ አሥራ ሦስት ይቀንሱ፤
ምስጋና ያስገቡ፤ ስፖንሰርዎን ያወድሱ።»
ስፖንሰሬ በሬ ነው፣ ግንቦት ላይ የሸጥሁት፤
ለበሬ ምስጋና በየትኛው ፊደል ልጻፍለት?
ከትራሴ ሥር አርባ ሁለት መስመር ተንቀሳቀሰ፤
ዝም አልሁት።
«ባዶ ይሁን» አልሁ።

ሦስት መቶ ቅጂ፣ በአውቶቡስ ጣራ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣
አልጋዬ ሥር ገባ፣ በሸራ ተቋጥሮ።
ጎበዙ በስልኬ «በሳምንት መቶ ሽጥ፤ ካለዚያ ሽፋንህን መርምር» ይላል፤
እኔ በስድስት ወር አሥራ ዘጠኝ፤ ሁለቱ በዱቤ፣ አንዱ በእንቁላል።

አንድ ቅዳሜ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ የየትመን ሽንኩርት ነጋዴ፣
መጽሐፌን በፌስታል ጠቅልላ፣ ቆመች ከመንገዴ።
«መጽሐፍህ ዋሽቷል» አለች።
«የሙሽራ ውኃ ላይ፣ ሙሽራይቱ ሰመጠች ብለሃል፤
አልሰመጠችም። አክስቴ ናት። ተሻግራ ሄደች እንጂ፣ ማን ነግሮሃል?»

ገለጥሁት፦
በሦስቱ ባዶ ገጽ፣ የልጅ ልጇ እርሳስ፣ ፊደሉ ጉንዳን፣
ሙሽራይቱ የሸሸችበት ቀን፣
የረገጠችው ድንጋይ፣ ያደረችበት ቤት፣
ወልዳ የሞተችበት አገር፣ የልጆቿ ስም፣ እስከ ስድስት።
«ለዚህ መስሎኝ ባዶ የተውኸው» አለች፤
ወደ ሽንኩርቷ ሄደች።

ማታ ያንን ደብተር አወጣሁ፤ ከሁለቱ ነጥብ ቀጠልሁ፦
አንባቢዬ፦ ፊደል አትቆጥርም።
ዕድሜዋን አታውቅም።
ገቢዋ እንደ ሽንኩርቱ ነው፤ አንድ ቀን ይወጣል፣ አንድ ቀን አይገኝም።
ሰዓቷ፣ የልጅ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፤
እሱ ያነባል፣ እሷ ታርማለች።

ከዚያ ደመርሁ፦ መቶ ዘጠኝ፤ የአክስቷ አራት፤
ከትራስ ሥር የወጣው ወንድሜ ሁለት።
መቶ አሥራ አምስት።
በአሥራ ስድስት ሳካፍለው፣
አሥራ ሦስት ባዶ ገጽ ይተርፋል።

ይትረፍ።